«አኮረፈች» ያልኳት እባብ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በወርኃዊው የንባብና የውይይት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ድምፅ! አቦ፣ ድሬ እንዲህ ዝም ይላል እንዴ? ሐረር ያለሁ መሰለኝ። እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሞቀ።

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ምን ትናገሪያለሽ?» ሲሉኝ «ስለ እባብ» አልኳቸው። ስልኩ ዝም አለ። «ስለ ሞተች እባብ ነው» ስላቸው «እንደሱ ከሆነስ ይሁን» አሉ። ይኸው መጣሁ።

እስኪ እጃችሁን አውጡ። እባብ የገደለ? ... ኧረ ብዙ ናችሁ። አውርዱ። እባብ ታሞበት የሚያውቅስ? ... ማንም የለም? እንግዲያው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እባብ እንዴት ቤቴ እንደገባ። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደታመመችና እኔ ምን እያየሁ ምን እንዳላየሁ። ሦስተኛ፣ ከሞተች በኋላ ምን እንዳደረግሁ። መሀል ላይ ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም።

አንደኛውን ልጀምር።

2014 ዓ.ም፣ ግንቦት ነው። የአጎቴ ልጅ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን አካባቢ ወፍጮ ቤት አለው። ለእንግድነት መጥቼ ስለነበር ደወለልኝ። «አንቺ የእንስሳት አስተማሪ አይደለሽ? ቶሎ ነይ፣ ልጆቹ በአካፋ ሊሏት ነው» አለኝ። በባጃጅ ሮጥኩ። ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ ዱቄት የተነፋበት ጥግ ላይ ተጠቅልላለች። ቀለሟ እንደ ተቆላ ቡና ነው። ከበሩ የገባው ብርሃን ሲያርፍባት ግን ቤንዚን እንደ ፈሰሰበት ውሃ ቀለም ትቀያይራለች። ጭንቅላቷ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ከአፍንጫዋ ተነስቶ ዓይኗን የሚያቋርጥ ነጣ ያለ መስመር አለ። ከሥሩ ደግሞ መንጋጋዋ ላይ ሌላ። የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ያለ ነው። ያን ጊዜ ለየኋት። በአፍሪካ ብዙ ቦታ የሚገኝ፣ መርዝ የሌለው፣ አይጥና እንሽላሊት ተጠምጥሞ ጨምቆ ገድሎ የሚበላ እባብ ነው። ሰው ቤት አይጥ ፍለጋ ስለሚገባ «የቤት እባብ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ልቁም። ልጆች፣ እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ፣ ስሙኝ። ቡናማ እባብ ሁሉ ይህች አይደለችም! እፉኝትም ቡናማ ይመስላል። አፈር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ጠቆር ያለ እባብም አለ፤ እሱን አንገቱን ብትይዙት እንኳ ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል። እኔ ሃያ ዓመት አጥንቼም እጄ ተንቀጥቅጧል። እናንተ አትንኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ትልቅ ሰው መጥራት። በቃ።

እና ምን አደረግሁ? ከከተማ አውጥቼ ዳር ላይ ልለቃት እችል ነበር። አላደረግሁትም። እውነቱን ልናገር። «ላድናት ብዬ ነው» እላለሁ እንጂ ወድጃት ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 መኖሩን፣ የዱር እንስሳ ቤት ለማስቀመጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የማውቅ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ግን ትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በገመድ አስሬ፣ ዘምቢል ውስጥ አስቀምጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ምንድነው ልጄ የያዝሽው?» አሉኝ።

«ልብስ ነው አባቴ።»

ዘምቢሉ ተነቃነቀ። አዩት። አየሁት። «እንግዲህ ልብሱ ጤና ይስጠው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ሐረር አላናገሩኝም።

አሁን የምነግራችሁን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከፍታ ላይ። በመሀል ደንገጎ አለ፤ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል። መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከድሬ በቲሸርት ትነሳላችሁ፣ ደንገጎ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ሹራብ ትፈልጋላችሁ! እኔም ያን ቀን ደንገጎ ላይ ሹራቤን ለበስኩ። ዘምቢሉ እግሬ ሥር ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬ ምን እንዳለች መገመት ትችላላችሁ። «በስመ አብ ወወልድ! ወይ እኔ ወይ እባቧ!» ሁለታችሁም አልኳት። በእኛ አገር እባብ ተወዶ አያውቅም። «የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» ብለን ፈርደንበታል። የአክሱሙ ታሪካችን ራሱ የሚጀምረው አርዌ የሚባል እባብ ነግሦ ሕዝቡ ሲገብርለት ነው። ደግሞ ያው ወንጌል «እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ» ይላል። እማዬ ይህን ስነግራት «ልባም ሁኑ አለ እንጂ ቤት አስገቡ አላለም» ብላ ዘጋችኝ።

ያልጠበቅሁት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ወሬው ደርሷቸው በአጥር ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቤት ውስጥ የተገኘ እባብ ወዲያው አይገደልም፣ ሦስት ቀን ውጣ ይባላል የሚል ሐዲስ ነገሩኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው «አንቺ ግን ግቢ አልሻት መሰለኝ» አሉ። ሐረሮች እኮ እንዲህ ናቸው። በግንቡ ላይ ለጅብ ቀዳዳ የተወ ከተማ ነው፤ በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ሠርቶ ለጅብ የሚያቀርብ ሕዝብ ነው። አንዲት የእጅ ጣት የምታህል እባብ ምን ታስደንቀዋለች?

አሮጌ የመስኮት መስታወት አሰብስቤ አሉሚኒየም ቤት ሳጥን አሠራሁ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ስም አወጣችላት። ስትነኳት ወዲያው ጭንቅላቷን ጥቅልሏ ውስጥ ቀብራ ዝም ትላለች። «እማ፣ አኮረፈች!» አለች። ስሟ ኩርፊያ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚህ ስም ላይ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። ወደ ሁለተኛው ነገሬ የምገባውም በሱ ነው።

ክረምቱን ደህና ነበረች። በየአሥር ቀኑ አንድ አይጥ። ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ገባ። የሐረርን የኅዳር ሌሊት የማታውቁ ካላችሁ፣ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ የሚደረብበት ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አይጧን እምቢ አለች። ምን አልን? «አኮረፈች።» ስሟ ነዋ! በሳምንቱ ሞከርኩ፤ እምቢ። «አሁንም አልታረቀችም» አልን። ቀጥሎ ዓይኗ እንደ ወተት ደፈረሰ። ይህን አውቀዋለሁ፣ ቆዳ ልትጥል ነው፤ እባብ ቆዳ ሊጥል ሲል አይበላም። እፎይ አልኩ። ቆዳው ግን እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድ መውጣት ሲገባው ተቆራርጦ ወጣ። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ ሰዓት መስታወት ያለ ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ መነሳት አለበት። የሷ በሁለቱም በኩል ቀረ።

ኢንተርኔት ላይ «አየሩ ሲደርቅ ነው» የሚል አነበብኩ። ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት ጀመርኩ። እርጥበቱ እንዳይወጣ ደግሞ ክዳኑን በላስቲክ ሸፈንኩት። አያችሁ? ብርድ ነበር፣ እርጥበት ጨመርኩ፤ እርጥበት ላይ ደግሞ አየር ዘጋሁ። በገዛ እጄ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ጊዜ!

አንድ ጠዋት እማዬ የቡና ቅጠል ሻይዋን፣ ቁጢዋን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። በዚህ ጊዜ ለምዳታለች፤ በየጠዋቱ «በላች?» ብላ መጠየቅ ጀምራ ነበር። አየቻት አየቻትና «ይቺ ልጅ በርዷታል» አለች።

እኔ ምን መለስኩ? እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሯ? «እማዬ፣ እባብ አይበርደውም። ደመ ቀዝቃዛ ነው።»

አይበርደውም አልኩ! ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቃል ነው፣ «ደመ ቀዝቃዛ»። ተማሪዎቼም እንደኔው ደሙ የቀዘቀዘ ነው ብለው ሄደዋል። ይቅር ይበሉኝ። እኔና እናንተ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብንተኛም ብንሮጥም፣ ድሬም ሐረርም። ምግብ እያቃጠልን ምድጃችንን ከውስጥ እናነዳለን። እባብ ያ ምድጃ የለውም። ሙቀቱን ከድንጋይ፣ ከፀሐይ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮ ነው የሚበደረው። ሳቢያን ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የኩርፊያ ደም ሙቀት ከኔ ደም ብዙም አያንስም ነበር። ሐረር ላይ በኅዳር ሌሊት ግን ደሟም ከክፍሉ ጋር ይቀዘቅዛል። ደሙ ሲቀዘቅዝ ሆድ አይፈጭም፤ በሽታን የሚከላከለው ሠራዊትም ይተኛል። ደንገጎ ላይ እኔ ሹራብ ለበስኩ ብያችሁ አልነበር? እሷ የምትለብሰው የላትም። ሹራቧ ቦታው ነበር። ከቦታው አነሳኋት።

ወደ ቤቴ ልመለስ። «ካልበላች ላብላት» ብዬ ትንሽ አይጥ በአፏ አስገባሁላት። በሁለተኛው ቀን መለሰችው። ሽታው! ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ መቀመጥ ጀመረች። ልጄ ደስ አላት። «ሰማይ እያየች ነው» ብላ ሥዕል ሠራች፤ ኩርፊያ፣ በላይዋ ጨረቃ። ሥዕሉ አሁንም ፍሪጅ ላይ አለ። ሰማይ አልነበረም የምታየው። አየር ፍለጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠራችኝ። «እማ፣ ኩርፊያ አረፋ ትነፋለች።»

«ውሃ ጠጥታ ነው» አልኩ። ከወጥ ቤት ሆኜ። ሳላይ።

ማታ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በግራ አፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ አለች። ትነፋለች፣ ትጠፋለች፣ ትነፋለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ «ጠቅ... ጠቅ» ይላል፣ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ይመስል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ በላይኛውና በታችኛው ድድ መሀል የምራቅ ክር ተስቧል። እባብ እንደኛ ሳንባን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ ስለሌለው ስሎ አክታውን ማውጣት አይችልም። የገባው እዚያው ይጠራቀማል።

ያን ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ ቦታ ገና በር ላይ «አውጪው!» አሉኝ። ሁለተኛው ጋ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተቀበለኝ። «ግመል አክሜያለሁ፣ ውሻ አክሜያለሁ። እባብ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ደብቄሽ አልጀምርም» አለኝ። በዚህ ንግግሩ ብቻ ወደድኩት። ስልኩን አውጥቶ የሚያውቃቸውን መምህራኑን ጠየቀ፣ መጽሐፍ ገለጠ፣ ከዚያ እኔን ጠየቀኝ።

«ጤነኛ ሳለች ስንት ትመዝን ነበር?» አላውቅም።

«ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው መቼ ነው?» ጥቅምት መጨረሻ... መሰለኝ።

«ሌሊት ሳጥኑ ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው?» ዝም።

ሦስት ጥያቄ ነው። ተማሪዬ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ አይቻታለሁ፣ ፎቶ አንስቻታለሁ፣ ለእንግዳ አሳይቻታለሁ፣ ስለሷ ቀልድ ተናግሬያለሁ። አንድ ቁጥር ግን አልያዝኩም።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ልክ ነው። የሐኪሙ ሚዛን ለበግና ለፍየል የተሠራ ስለሆነ እሷን አይቆጥራትም። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጌ፣ ጨርቅ ጠቅልዬበት፣ ጎረቤት ቅመም ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። «118 ግራም» አለኝና «ምን ዓይነት ቅመም ነው?» አለ። «ከድሬ የመጣ ነው» አልኩት። ዕቃውን አላስከፈትኩትም። ሚዛኑንም ጠርጌ ነው የወጣሁት፤ እሱን እንኳ አልረሳሁም።

ሐኪሙ መርፌውን ከፊተኛው የሰውነቷ ክፍል ነው የወጋት። ለምን አልኩት። ከኋላ የተወጋ መድኃኒት ወደ ልብ ሳይደርስ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ይችላል አለኝ። በየሦስት ቀኑ አንድ መርፌ። «ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም። ሙቀት ስጫት። አንዱ ጎን 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል፣ እሷ ትምረጥ።» እማዬ ከወር በፊት ያለችውን ነው፤ ቁጥር ጨመረበት እንጂ።

አምፖል ሰቀልኩ፣ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ ላስቲኩን ቀደድኩት። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። እማዬ ተነሳች። ከሰል አቀጣጠለች፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ በነጠላዋ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስገባች። በየሁለት ሰዓቱ ትቀይራለች። «ወይ እኔ ወይ እባቧ» ያለችው እማዬ! «ነፍስ ናት» አለች ብቻ፣ ለምን እንደምታደርገው ስጠይቃት።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ፣ በታኅሣሥ አንድ ንጋት፣ ሳጥኑን ስከፍት ጭንቅላቷ ቀና አላለም። እባብ ሞተ ለማለት መቸኮል አይገባም፤ የቀዘቀዘ እባብም የሞተ ይመስላል። መዳፌ ላይ በጀርባዋ አገላበጥኳት። ጤነኛ እባብ ወዲያው ይገለበጣል። ጠበቅሁ። አሞቅኋት፣ ደግሞ ጠበቅሁ። ነጩ ሆዷ ወደ ላይ እንደሆነ ቀረ።

ልጄ «አኩርፋ ነው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም።

ሦስተኛውን አሳጥራለሁ፤ ሰዓትም ሄዷል።

ቀብረን መሄድ እንችል ነበር። ሐኪሙን ጠየቅሁት፣ አብረን ከፈትናት። ጓንት አድርገን ነው፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ይይዛሉ፣ ጤነኞቹም ጭምር። ሴት ናት ያልነውም እስከዚያ ቀን በግምት ነበር፤ እውነትም ሴት ነበረች። እባብ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በቀኝ ሳንባው ነው። የግራው ከስሞ ቀርቷል። የሷ ቀኝ ሳንባ እንደ ረጅም ፊኛ ቀጭን መሆን ሲገባው ውስጡ ተሞልቷል። የእባብ መግል እንደኛ አይፈስም፤ እንደ አይብ ይረጋል። በመቆንጠጫ ሳነሳው ቅርጹን ይዞ ወጣ፤ የሳንባዋን ቅርጽ። ሐኪሙ «ይህ የሳምንት አይደለም» አለኝ። የሳምንት አይደለም! አረፋዋን ከማየታችን በፊት፣ ምናልባትም አይጧን እምቢ ካለችበት ቀን ጀምሮ ነው። እኛ «አኮረፈች» ብለን ስንስቅ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እባብ አሳድጉ አልላችሁም፤ እኔም ዳግም አላሳድግም። ግን እዚህ ውስጥ ፍየል ያለው አለ፣ ዶሮ ያለው አለ፣ ድመት ያለው አለ። አልጋ ላይ የዋለ አባት ያለውም አለ። ዛሬ ማታ ስትገቡ «አመሉ ነው» ያላችሁትን ነገር አንድ ጊዜ ተጠግታችሁ እዩልኝ። «ድሮም እንዲህ ናት» ያላችኋትን። እኔ አሁን ክፍሌ ውስጥ ደብተር አለኝ፤ ተማሪዎቼ የትምህርት ቤቱን ጥንቸሎች በየሳምንቱ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ። «ጥንቸሏ አዝናለች» ብሎ የጻፈ ልጅ ነበር። አስጠፋሁትና «ስንት ግራም?» አልኩት። ጨካኝ አስተማሪ ብሎኛል አሉ። ይሁን።

«ደመ ቀዝቃዛ» የሚለውንም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ትቻለሁ። «ሙቀቱን ከቦታው የሚበደር» እላለሁ። ረጅም ነው፣ ፈተና ላይ ያስቸግራቸዋል፤ ግን አንድም ተማሪ «አይበርደውም» ብሎ አይሄድም።

ልጨርስ። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ እንደገና ደወለ። «ሌላ መጣች፣ ነይ ውሰጃት» አለኝ። አልወስድም አልኩት። መጥቼ አየኋት። ያው መስመር፣ ያው ዓይን ነው። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ጥግ እንዳይጠርጉት ለመንኳቸው። ለአንድ ወር ብቻ አልኳቸው። ወሩ ሲያልቅ በአይጥ የተቀደደ ጆንያ ቁጠሩልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አካፋ አላነሳም።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ እዚያ ጎራ ብዬ ነበር። ጆንያ ሥር ይህን አገኘሁ። ይኸው። ቆዳዋ ነው። ከአፍንጫ እስከ ጅራት አንድ ላይ ወጥቷል፣ አልተቆራረጠም። ወደ ብርሃኑ አቅርባችሁ ጭንቅላቱ ጋ እዩት፤ ሁለት ክብ ነገሮች አሉ፣ እንደ ሰዓት መስታወት። የዓይኖቿ ናቸው፣ ሁለቱም ተነስተዋል። ከፊት ጀምራችሁ እያሳለፋችሁ እዩት፤ በቀስታ፣ እንዳይቀደድ። ልጆች፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና።